ቴዎዶራ ያመጣችው ሸክላ

በዉች ከተማ ጃዝ የሚወድ ሁሉ ኮንራድ ዜልጋን ያውቀዋል ቢባል ውሸት ነው። የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው። እሱ ግን በእነዚያ በሁለቱ ፊት ንጉሥ ስለነበር ሌላው ሕዝብ ቢያውቀው ባያውቀው ግድ አልነበረውም።

አንደኛው ገርቫዚ ነው፣ ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪም። ሰው አፉን ከፍቶ መናገር ሲያቅተው እያየ ስለኖረ ይሁን አይታወቅም፣ እሱም ብዙ አይናገርም። ሁለተኛው ኦሌክ ነው፣ ዕድሜውን ሙሉ ትራም ሲነዳ የኖረ ቀልደኛ። ሦስቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከከተማው ዳር ባለው የገርቫዚ የአትክልት ቦታ፣ በቲማቲሙና በጎመኑ መሀል በተሠራችው የእንጨት ጎጆ ውስጥ ይሰበሰባሉ። እያንዳንዱ ሰሞኑን ልቡን የወሰደውን የሙዚቃ ሸክላ ይዞ ይመጣል። ሻይ ይቀዳል፣ በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ዓሣ ይቀርባል፣ የሸክላ ማጫወቻው ክዳን ይከፈታል።

ሕግ ነበራቸው። ሸክላው የሚመጣው በጋዜጣ ተጠቅልሎ ነው። የተጫዋቹ ስምም ሆነ አገሩ አስቀድሞ አይነገርም፤ ዝና ጆሮን እንዳይገዛ ብለው ያወጡት ደንብ ነው። አንዱ ገጽ ተጫውቶ እስኪያልቅ ያመጣው ሰው ትንፍሽ አይልም። ሲያልቅ ጋዜጣው ይቀደዳል፣ ሽፋኑ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ ወሬው ይደራል። ያልጣመው ካለ ደግሞ እጁን ያነሣል። ሁለት እጅ ከተነሣ ሙዚቃው እዚያው ይቆማል። ሸክላው እንደተጠቀለለ ወደ ቦርሳ ይመለሳል፣ ሁለተኛ ስለሱ አይወራም፣ ምን እንደነበረም አይጠየቅም። ያመጣው ሰው እንዳያፍር ነው ይላሉ።

ሥጋ በወረፋ በሚገዛበት ዘመን ይህ ደንብ ትርጉም ነበረው። ከጠረፍ ማዶ አንድ ሸክላ ለማግኘት መርከበኛ ዘመድ ያስፈልግ ነበር። መብራትም ደስ ባለው ሰዓት ይጠፋል። በማይረባ ሙዚቃ ጊዜ ማባከን ግፍ ነበር። ዘመኑ ሄደ፣ ደንቡ ግን ቀረ። ሰው ለችግር ጊዜ ያበጀውን በትር ችግሩ ካለፈ በኋላ የማይጥለው ለምን እንደሆነ እንጃ። ምናልባት መማታት ስለሚጥም ይሆናል።

ከሦስቱ ሁሉ ፈጥኖ እጁን የሚያነሣው ኮንራድ ነበር። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ማሽን መካኒክ ሆኖ ነው ያረጀው። አዳራሽ ሙሉ ማሽን በሚያጓራበት መሀል ቆሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ “ያቺ ታማለች” ብሎ በጣቱ ይጠቁም ነበር። ተከፍታ ስትታይም ታማለች። ጆሮውን ያሠለጠነው በሕመም ነው። ጤነኛ ማሽን ለሱ ምንም አይናገርም፤ የሚሰማው የተበላሸው ብቻ ነው። ይህንኑ ጆሮ ይዞ ጃዝ ውስጥ ገባ። ጥሩምባው ዘገየ፣ ከበሮው ቸኮለ፣ ሳክስፎኑ ከሌላ ሰው ሰርቆ ነው የሚያወራው ይላል። ብዙ ጊዜም ልክ ነው። ልክ መሆን ደግሞ ያሰክራል።

ሚስቱ ቴዎዶራ የካልሲ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች። የዚያ ፋብሪካ አለቆች ሴቶቹን ጆሯችሁ ውስጥ ጥጥ ወትፉ ብለው ከማሽኑ ፊት አቆሟቸው። ጥጡን እንኳ ከቤታቸው ነበር የሚያመጡት። በዓል ሲሆን አበባ ይሰጧቸዋል፤ ጆሯቸውን ግን የመለሰላቸው የለም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ቴዎዶራም ወደ ጎጆዋ ትመጣ ነበር። ዓሣውን የምታዘጋጀው እሷ፣ የፕሪም ኬኩን የምትጋግረው እሷ፣ ብርጭቆውን የምታጥበው እሷ። ከዚያ በሩ አጠገብ ባለው ዱካ ላይ ተቀምጣ ሹራብ እየሠራች ትሰማለች። “አንቺስ ሰሞኑን ምን ወደድሽ?” ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም። ሦስት የተማሩና የነቁ ነን የሚሉ ወንዶች፣ ስለ ነፃነት ሙዚቃ ጉሮሯቸው እስኪደርቅ የሚከራከሩ፣ በሩ ሥር ያለችውን ሰው አላዩዋትም።

ጡረታ በወጣችበት የመከር ወቅት፣ አንድ ቅዳሜ፣ የኦሌክ ሸክላ ካለቀ በኋላ ሹራቧን ከጉልበቷ ላይ አነሣችና፣

“እኔም አንድ ይዣለሁ” አለች።

“ዓሣውን ነው ወይዘሮ ቴዎዶራ?” አለ ኦሌክ።

“ዓሣውንማ ጨረሱት። ሸክላ ነው።”

“ኧረ ግሩም! ኮንራድ፣ ሚስትህ ወንበርህን ልትወስድብህ ነው። ተነሣና አንተ ብርጭቆ እጠብ!”

ቴዎዶራ ሳቀች። ከቦርሳዋ ውስጥ በጋዜጣ በጥንቃቄ የተጠቀለለ ሸክላ አወጣች። ለዘመናት ሲያደርጉት ስላየች አጠቃለሉን ታውቅበታለች። ራሷ አስቀመጠችው፣ መርፌውንም ራሷ አሳረፈች።

ፒያኖ ነው። አንድ ድምፅ ተሰማ፣ ከዚያ ዝምታ፣ ከዚያ ሌላ ድምፅ። ጨለማ ክፍል ውስጥ ግድግዳ እየዳሰሰ የሚሄድ ሰው ይመስላል። ቆየት ብሎ ቆመው የሚጫወቱት ትልቁ ባስ ከሥር ገባ። ከበሮ የለም።

ኮንራድ ከሙዚቃው ይልቅ የኦሌክን ከንፈር ነበር የሚያየው። አሁን ይስቃል፣ አሁን “ሚስትህ ምን ጉድ አመጣች” ይለኛል እያለ ተጨነቀ። በሚስቱ ሊሳቅ ነው፣ በሷ በኩልም በሱ። ስለዚህ ቀደማቸው። እጁን አነሣና፣

“ይኼ ሰውዬ ፒያኖ እየተጫወተ ነው ወይስ አቧራ እየወለወለ?” አለ።

ኦሌክ ሻዩ ትን እስኪለው ሳቀ። እየሳቀም እጁን አነሣ። ገርቫዚ የጫማውን ክር ይመለከት ነበር።

ሁለት እጅ ተነሥቷል። በደንቡ መሠረት መርፌውን የሚያነሣው ያመጣው ሰው ነው። ቴዎዶራ ሄዳ አነሣችው። ሸክላውን ጋዜጣው ውስጥ መለሰች፣ ጋዜጣውን አጠፈች፣ ቦርሳዋን ዘጋች። ከዚያ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ አጠበች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ዓሣውን በሣህን ከድና ለኮንራድ ሰጠችው።

“አትመጪም እንዴ ዶርካ?” አላት፤ ሲያቆላምጣት እንዲህ ነበር የሚጠራት።

“ጉልበቴን አሞኛል።”

ጉልበቷ ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ሲሆን ሁልጊዜ አመማት። ማክሰኞ ገበያ ስትሄድ ደህና ነው፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ደህና ነው። ኮንራድ ይህን አላስተዋለም ማለት አይቻልም። አስተውሏል። ቀለል ስላለው ዝም አለ።

እንዲህ እያሉ አረጁ። አንድ የጸደይ ቀን የጆሮ ሐኪም ዘንድ ሄዱ፤ ቴዎዶራ ስልክ ሲጮኽ አልሰማም ማለት አብዝታ ነበር። ሐኪሟ ወጣት ናት። ቴዎዶራን ውጭ አስቀምጣ ለኮንራድ ነገረችው።

“የግራው ከሄደ ቆይቷል። የቀኙም እየሄደ ነው። ቀጫጭኑ ድምፅ ቀድሞ ይጠፋል፣ ወፍራሙ ትንሽ ይቆያል።”

“መሣሪያ ቢደረግላትስ?”

“ለንግግር ያግዛታል። ለሙዚቃ ግን ተስፋ ልሰጥዎ አልችልም። አብራችሁ መስማት የምትፈልጉት ነገር ካለ ዛሬ ነገ አትበሉ።”

ትራም ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲመለሱ ኮንራድ አንድ ነገር ብቻ ያስብ ነበር። ያ ሸክላ ምን ነበር? ያን ቀን የኦሌክን ከንፈር ሲያይ ስለነበር ከሙዚቃው ምንም፣ ከራሱ ቀልድም ቃሉን አላስታወሰም። ጠይቋት አያውቅም። የተቋረጠ ሸክላ አይጠየቅማ! ለጎጆዋ የወጣውን ደንብ አልጋው ድረስ ይዞት ገብቶ ነበር። አሁን ግን ቆረጠ። ሸክላውን ያገኘዋል፣ ጆሮዋ ሳይዘጋ አጠገቧ ይቀመጣል፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አብሯት ይሰማዋል። ካልሆነ ያቺ የተነሣች እጁ እንደተነሣች ልትቀር ነው።

ቢጠይቃት “ረሳሁት” አለችው። ስለዚህ ከመደርደሪያው እያወጣ ይሞክርባት ጀመር። የመጀመሪያው የዳንስ ኦርኬስትራ ነበር።

“ምንድነው ይኼ?” አለች ከልብስ መተኮሻው ላይ ቀና ብላ። “ሰርግ አለብን?”

“የዚያን ቀኑ ይኼ ነው እንዴ?”

“አይደለም።”

በማግስቱ ስለ ባሕርና ስለ ጨረቃ የምታለቅስ ዘፋኝ አጫወተላት። ከዚያ ቫዮሊኖች። ከዚያ ለገና የሚዘፍኑ ሕፃናት።

“ኮንራድ፣ እኔ ደንቆሮ እየሆንኩ ነው እንጂ ጅል አልሆንኩም” አለችው።

ምን እያደረገ እንደሆነ ተመልከቱ። ይቅርታ ሊጠይቅ ወጥቶ መጥፎ ሸክላ ነው የሚፈልገው። ሚስቱ የምትወደው ሙዚቃ ከታችኛው መደርደሪያ፣ አቧራ ከጠጣው፣ እሱ ከናቀው መሀል መሆን አለበት ብሎ አስቧል። ስድቡን በየቀኑ ማጫወቻው ላይ እያስቀመጠ ያሽከረክረዋል።

በመጨረሻ ድንች እየላጠች ሳለች ሰለቻት።

“ከበሮ የሌለበት ነው” አለች።

“ምኑ?”

“ሸክላው። ፒያኖና ባስ ብቻ። ግራጫ ሽፋን ያለው፣ ጀልባ የተሣለበት።”

ኮንራድ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

ያንን ሸክላ ያውቀዋል። ካቻምና ክረምት አንድ የሬዲዮ ተንታኝ ስለ ሁለት የዴንማርክ ሰዎች አውርቶ ነበር። በአንድ ወደብ ዳር መጋዘን ውስጥ ቀረጹት፣ ጥቂት ቅጂ ብቻ ታተመ፣ ዝምታን እንደነሱ ያወቀበት የለም ብሎ አደነቀ። ኮንራድ ስሙን ሰምቶ ወደ መደርደሪያው ቢሄድ ሸክላው እዚያው ተሰክቶ አገኘው። መቼ እንደገዛው አላስታወሰም። “ምን ዓይነት ጆሮ ነው ያለኝ! ሳላውቀው ገዝቼዋለሁ!” ብሎ በራሱ ተደነቀ። በጋዜጣ ጠቅልሎ ጎጆዋ ወሰደው። ማንም እጁን አላነሣም። ኦሌክ እንኳ ሲያልቅ “በል ይኼስ ሌላ ነው” ብሎ ዝም አለ። ያን ዕለት ማታ ኮንራድ የቀይ ሥር ሾርባውን ረስቶ ማንኪያውን እያወዛወዘ ለሚስቱ አስተማራት። ፒያኖው እንዴት እንደሚጠብቅ፣ ባሱ እንዴት እንደሚደርስለት። “እንዲህ ነው እንዴ?” አለችው። “ሾርባህ ቀዘቀዘ።”

“ያንቺ ነበር?” አለ አሁን።

“ጡረታ ስወጣ ልጆቻችን ቀሚስ እንግዛልሽ አሉኝ። ሱቁ ውስጥ ይኼ ሲጫወት ሰማሁና በቀሚሱ ፋንታ ይኼን አልኳቸው። ያን ሁሉ ዘመን ማሽን ሲጮህብኝ ኖሬ እንዲህ ቀስ ብሎ ያናገረኝ ሰው አልነበረም።”

“ታዲያ ካቻምና ለምን ዝም አልሽኝ?”

ቴዎዶራ ድንቹን ውሃው ውስጥ ጣለችው።

“ደስ ብሎህ ነበራ። መጀመሪያ እኔንም ደስ አለኝ፤ ‘በቃ ገባው’ አልኩ። ቀጥለህ ‘አንቺ ብትሰሚው ግን ላይገባሽ ይችላል፣ ከበድ ይላል’ አልከኝ። ከዚያ በኋላ ምን ብዬ ልንገርህ?”

እንደዚያ ማለቱን አላስታወሰም። ግን ብሎት እንደሚሆን አወቀ፤ አነጋገሩ የራሱ ነበር።

ቅዳሜ ጎጆዋ ሲደርስ ባዶ እጁን ነበር፤ ዓሣም ሸክላም አልያዘም። ሳይቀመጥ ነገራቸው። ኦሌክ ራሱን እየነቀነቀ ሳቀ።

“እና ይኼ ነው ያጠወለገህ? አንተ ሰው! ሁላችንም እንሳሳታለን። ደንብ ደንብ ነው፣ ሁለት እጅ ተነሣ፣ አለቀ።”

“አንዱ እጅ ያንተ ነበር።”

“ያንተ ቀድሞ ባይነሣ የኔ በምን ይነሣ ነበር? እኔ የሳቅኩት በአንተ ቀልድ ነው። ሸክላውንማ አልሰማሁትም፣ ሻይ እየጠጣሁ ነበር!”

ኮንራድ ወደ ገርቫዚ ዞረ። ገርቫዚ መነጽሩን ይወለውል ጀመር።

“እኔ አውቄው ነበር” አለ። “ካቻምና ስታመጣው፣ ገና የመጀመሪያው ድምፅ ሲወጣ የወይዘሮ ቴዎዶራ እንደሆነ አወቅኩ።”

“አውቀህ ዝም አልክ?”

“የተቋረጠ ሸክላ አይነሣም። ሕጋችን ነዋ።”

“ዝም ብለህ አጨበጨብክልኝ!”

“ምን ላድርግ ኮንራድ? ያኔም እኮ፣ በመጀመሪያው ቀን፣ ወድጄው ነበር። ግን እጅ ለማንሣት እንጂ የተነሣን እጅ ለማውረድ ደንብ የለንም።”

ይኼ ነው እንግዲህ። ሦስት ሰዎች፣ ጎበዝ ጆሮ ያላቸው። አንዱ ፈርቶ ሰደበ፣ አንዱ ሳይሰማ ፈረደ፣ አንዱ ወድዶ ዝም አለ። ማንኛቸው እንደሚብስ የሚያውቅ ይናገር። ኦሌክ “ና ተቀመጥ፣ ዛሬ አንድ ጉደኛ ጥሩምባ ይዣለሁ” እያለ ጋዜጣውን ሲያንኮሻኩሽ ኮንራድ በሩን ከፍቶ ወጣ። ሊቆጣቸው የሚያበቃ ነገር ከራሱ ውስጥ ፈልጎ አጣ።

ቤቱ ሲደርስ ገና ቀን ነው። ግራጫውን ሸክላ አወጣው። ጋዜጣ አልጠቀለለበትም።

“ዶርካ፣ አብረን እንስማው።”

“አሁን?”

“እባክሽ።”

እጇን በመሐረብ አድርቃ መጣች። ወንበሯን ወደ ድምፅ ማጉያው አስጠግቶ፣ የቀኝ ጆሮዋ ወደዚያ እንዲዞር አድርጎ አስቀመጣት። መርፌውን አሳረፈ። ፒያኖው በዝምታው መሀል መንገዱን መዳሰስ ጀመረ። ኮንራድ ፊቷን ያያል። ፊቷ ምንም አይልም።

“ተጀመረ እንዴ?” አለች።

“ተጀምሯል።”

ባሱ ሲገባ ቅንድቧ ተነሣ። “እሺ፣ እሱ መጣ። ሌላውስ? ፒያኖው ምን እያለ ነው?”

ኮንራድ አፉን ከፈተ። ዕድሜውን ሙሉ ስለ ሙዚቃ ያወራ ሰው ቃል ፈለገ። ዘገየ፣ ቸኮለ፣ ቀጠነ፣ ሰረቀ፣ በዛ፤ በአፉ የሞላው ይኸው ብቻ ነበር። ምንም ጉድለት ለሌለበት ነገር የሚሆን ቃል አልነበረውም።

“ወደ ላይ... ወደ ላይ እየወጣ ነው” አለ።

“እንዴት ነው የሚወጣው?”

“ቀስ ብሎ። ልክ አንቺ ከገበያ ስትመጪ ዘንቢልሽን ይዘሽ ደረጃውን እንደምትወጪው። ትንሽ ትወጪና ታርፊያለሽ። ከዚያ እንደገና።”

ቴዎዶራ ትክ ብላ አየችው።

“እኔ ያንን ደረጃ ስወጣ አንተ የት ነበርክ?”

“ሸክላ ስሰማ።”

ሳቀች፤ የምር ሳቀች። እሱ ግን መሳቅ አቃተው። ገጹ ሲያልቅ “ገልብጠው” አለችው፣ ገለበጠው። የምታውቀው ሙዚቃ ስለነበር ባሱን ተከትላ ሌላውን ከትዝታዋ እየሞላች ሄደች። አንዳንዴ በጣቷ ጉልበቷን ትመታለች፤ አንዳንዴ ግን ቀድማ ትሄድና ባሱ ሌላ ቦታ ሲያገኛት ግራ ይገባታል። ኮንራድ ስህተቷን ሰማ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ስህተት ሰምቶ ዝም አለ።

ወደ መጨረሻው ላይ ባሱ አቆመ። ፒያኖው ብቻውን ቀረ። የሬዲዮው ሰውዬ ያደነቀው ቦታ ይህ ነበር። ቀጫጭን ድምፆች፣ ከላይኛው ጫፍ፣ አንድ በአንድ።

“አለቀ?” አለች ቴዎዶራ።

“አላለቀም።”

ትንሽ ጠበቀች። ጆሮዋን አስጠጋች። ከዚያ ጉልበቷን ይዛ ተነሣች።

“እንግዲህ እሱን ለብቻህ ጨርሰው። ድንቹ እንዳያር” አለችና፣ በማለፊያዋ ትከሻውን ነካ አድርጋው ወደ ወጥ ቤት ገባች።

ኮንራድ ብቻውን ተቀምጦ እስከ መጨረሻው ሰማው። እንዴት ያምር ነበር! ዞር ብሎ “ሰማሽው?” ሊላት ነበር፤ ከወጥ ቤት የሣህን ድምፅ መጣ።